ለሦስት ሣጥን ፈቃድ

ሪችፊልድ፣ ሜይ 4

ስመኝዬ፣

እንደምን ከረማችሁ? የእማዬ ጉልበት እንዴት ነው? በስልክ ስናወራ ከጎንሽ ሆና ስለምትሰማ ቁም ነገሩን በጽሑፍ ላክልኝ ብለሻል። ልክ ነሽ። እኔም የምደውለው ከሹፌሮች ማረፊያ ክፍል ነው፤ እዚያ ደግሞ ሁሉም ጆሮ ነው።

እሑድ ከሰዓት ስልክ የማላነሣው ሌላ ነገር ኖሮ አይደለም። ጫካ ውስጥ ስለምሆን ነው። ሳቂ። ሐኪሙ ስኳሬን አይቶ ተራመድ ሲለኝ፣ ብቻዬን መራመድ ሰለቸኝና ዲንሳ አንድ ጨዋታ አሳየኝ። ዲንሳ አብሮኝ የአየር ማረፊያውን ሻትል አውቶቡስ የሚነዳው የአምቦ ልጅ ነው። ጨዋታው ጂኦካሺንግ ይባላል። አንድ ሰው ውኃ የማያስገባ ዕቃ ፓርክ ውስጥ ይደብቅና ቦታውን ኢንተርኔት ላይ ያወጣል። ሌላው በስልኩ እየተመራ ሄዶ ያገኘዋል፤ ውስጡ ባለው ወረቀት ላይ ስሙን ጽፎ እዚያው መልሶ ይደብቀዋል። ሽልማት የለውም። “ታዲያ ምን ያደርግላችኋል?” እንደምትዪ አውቃለሁ። እግር ያስኬዳል።

አሁን ነገሩ ከእኔ አልፎ ቤተ ክርስቲያን ደርሷል። በሜይ መጨረሻ ቡርንስቪል አጠገብ ሐይቅ ዳር የቤተሰብ ቀን አለን። ልጆቹ ባለፈው ዓመት “ቦሪንግ”፣ ይደብራል ብለው መኪና ውስጥ ስለዋሉ፣ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ መገርሳ “ያንን የሣጥን ጨዋታ አምጣልን” አሉኝ። ሦስት ሣጥን አዘጋጅቻለሁ። መሬቱ የሕዝብ ስለሆነ ፈቃድ ያስፈልጋል። ለፓርኩ ቢሮ ልጻፍ ወይ ስላቸው “ተው ልጄ፣ ምን አደከመህ፣ ሰው አለን” አሉ። ሶሲ የምትባል የእኛው እኅት እዚያ ፓርክ ትሠራለች። ጠየቋት፤ “ችግር የለውም” አለች። እሱ አልቋል።

ትልቁን ዜና ወደ መጨረሻ አመጣሁት። የአሜሪካ ዜግነት ቃለ መጠይቅ ቀን ተቆረጠልኝ። ጁላይ 16 ነው። ካለፍኩ የቪዛ ፋይልሽ እንደ ዜጋ ሚስት ይታያል፤ የያዝኳት ጠበቃ ያኔ ነገሩ ይፈጥናል ብላለች። እስከዚያ ንጹሕ ሆነህ ቆይ፣ የትራፊክ ቅጣት እንኳ እንዳይኖርብህ አለችኝ። በዚህ የተነሣ እንደ አሮጊት ነው የምነዳው። ተሳፋሪዎቹ አውሮፕላን ሊያመልጠን ነው እያሉ ይጮኹብኛል።

ዋለ


አዳማ፣ ግንቦት 3

ዋልዬ፣

ደብዳቤህን ትምህርት ቤት፣ መምህራን ክፍል ሆኜ ነው ያነበብኩት። ሁለት ጊዜ። ጁላይ 16 ሐምሌ 9 ነው። ከአልጋው በላይ ግድግዳው ላይ ጻፍኩት። እማማ “ምንድን ነው ይሄ?” ሲሉኝ የፈተና ቀን ነው አልኳቸው፤ ውሸትም አይደል።

ጉልበታቸው ደህና ነው፤ ያስቸገረን ምላሳቸው ነው። ጫካ ትሄዳለህ ብዬ ብነግራቸው “ምን ጠፍቶበት ነው የሚፈልገው?” አሉ። ሌላ ሰው የደበቀውን አልኳቸው። “የሰው ዕቃ አትንካ በይው” ብለዋል፤ አድርሻለሁ።

ስለ ሥራዬ ለጠየቅኸኝ፣ ደህና ነው። የሰባተኛ ክፍልን የእንግሊዝኛ ፈተና እያረምኩ ነው።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ሶሲ እዚያ ፓርክ ውስጥ ሥራዋ ምንድን ነው? አልጻፍክልኝም። እኔም ትምህርት ቤት እሠራለሁ። አንድ ሰው መጥቶ ግቢው ውስጥ ሣጥን ልደብቅ ቢለኝ ግን እኔ ማነኝና እፈቅድለታለሁ? ርእሰ መምህር አለ። ደግሞ የላክኸውን ፎቶ አየሁት። ያ አረንጓዴ ነገር የጥይት ሣጥን አይደለም? አጎቴ እንደዚያ ዓይነት ነበረው፣ ሚስማር ያስቀምጥበት ነበር። እሱ እንኳ እንግዳ ሲመጣ ከአልጋ ሥር ይገፋው ነበር።

ሐምሌ 9 እስኪያልፍ ይሄን ጨዋታ ብትተወውስ? ዛፉም ሐይቁም የትም አይሄድ።

ስመኝ


ሪችፊልድ፣ ጁን 1

ስመኝዬ፣

ስለቆየሁብሽ ይቅርታ። ኦቨርታይም በዛ።

የቤተሰብ ቀኑ ደህና አለፈ። ልጆቹ ከመኪና ወርደው እስኪመሽ ሲሮጡ ዋሉ። በእንግሊዝኛ ነው የተጯጯሁት፤ ቢሆንም አብረው ሮጡ። አዎ፣ የጥይት ሣጥኖች ናቸው። እዚህ ባዶውን ማንም ከሱቅ ይገዛዋል። ክዳኑ ጎማ ስላለው ዝናብም በረዶም አያስገባም፤ ጨዋታውን የሚያውቅ ሁሉ የሚጠቀመው እሱን ነው። ዲንሳ ሦስቱን ተሸክሜ ሲያየኝ “ኮሎኔል፣ ግንባሩ ወዴት ነው?” አለኝ። እስከ ዛሬ ኮሎኔል ነኝ።

ከዚያ በኋላ አላነሣናቸውም። ጋሽ መገርሳ “ይቆዩ፣ ፈረንጆቹም ያግኟቸው” አሉና በየሣጥኑ የወንጌል ትራክት፣ ያንን የሚታጠፍ ወረቀት፣ ጨመሩበት። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ አወጣኋቸው። እዚያ “ማን ፈቀደልህ?” የሚል ጥያቄ አለ። የሶሲን ስም ጻፍኩ።

ሥራዋን ለጠየቅሽኝ፣ ጀልባ ታከራያለች። የፓርኩን ዩኒፎርም ግን ትለብሳለች።

ቅዳሜ ስንደዋወል ድምፅህ ምን ሆነ ላልሽኝ፣ ጉንፋን ነው። አታስቢ። ለእማዬ የጉልበት ቅባት በሰው ልኬላታለሁ፤ ሰውየው አዳማ ሲደርስ ይደውልልሻል። ዛሬ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ዋለ


አዳማ፣ ግንቦት 29

ዋለ፣

ጉንፋን አይደለም።

የአክስቴ ልጅ መቅሊት እዚያው አካባቢህ ካለችው ከኩን ራፒድስ ቪዲዮ ልካልኛለች። ሐይቅ ዳር ነው። ቢጫ ሪባን፣ የፖሊስ መኪኖች፣ በጎማ የሚሄድ ማሽን፤ ከዚያ ፍንዳታና ጭስ። “የኛ ሰዎች ሣጥን ነው አሉ፣ ፓርክ አዘጉ!” ብላ ትስቃለች። የማን እንደሆነ አታውቅም። እኔ ግን ክዳኑን ሳየው አወቅሁት።

እማማ በትከሻዬ በኩል አይተው “የት አገር ጦርነት ነው?” አሉኝ። ፊልም ነው አልኳቸው። “ፊልም ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?” አሉኝ።

ይሄን ከመቅሊት ልሰማው ይገባ ነበር? ፖሊስ አነጋግሮሃል? ስምህ የት የት አለ? የቀሩት ሣጥኖች የት ናቸው? በስልክ እንዳትመልስልኝ። ጻፍ። ሁሉንም ጻፍ።

ስመኝ


ሪችፊልድ፣ ጁን 8

ስመኝ፣

ይቅርታ። ቀኑ እስኪያልፍ ላላስጨንቅሽ ብዬ ነበር።

እኔ እዚያ አልነበርኩም፤ ሥራ ላይ ነበርኩ። ውሻ የምታንሸራሽር ሴት ሐይቁ ዳር ካለው ድልድይ ሥር ሣጥኑን አይታ ለፖሊስ ደወለች። መንገዱን ዘጉ፣ ሰዉን አስወጡ፣ አፈነዱት። የቤተ ክርስቲያኑን ስም የለጠፍንበት ጎን አብሮ ስለሄደ የማን እንደሆነ ፖሊስ አላወቀም። ኢንተርኔቱም ላይ ያለው ቅጽል ስም ነው። ማንም አላነጋገረኝም።

የሶሲ ስም ግን እዚያ በትክክለኛ ስሟ ተጽፏል። “ፈቃድ የሰጠችው” ተብሎ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። የፓርኩ ሰዎች ጠርተው ጠየቋት። ሽማግሌ አላጋልጥም ብላ ነው መሰለኝ “አላውቅም” ብላለች። ነገሩ እስኪጣራ ከሥራ ሺፍት አውጥተዋታል። ሁለት ልጆች አሏት። ደወልኩላት። “ወንድም ዋለ፣ ጋሼ ከመድረክ ወርደው ሲጠይቁኝ አይሆንም ልበላቸው? እኔን ይሁን ፓርኩን ይጠይቁ እንደነበር እኔም አላውቅም እኮ” አለችኝ። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጋሽ መገርሳ ጋ ሄድኩ። “እንጸልይ፣ ዝም እንበል፣ ጊዜ ይፈታዋል” አሉኝ። ፓርኩ ቢሮ አብረን ሄደን እንናገር ስላቸው “አንተ ቀጠሮ አለብህ፣ እኔ የቤተ ክርስቲያን ስም አለብኝ” አሉ። ዲንሳ ደግሞ በጨለማ ሄደን ሁለቱን እናውጣቸው ይላል። ጥቁር ሰው ከዚያ ሁሉ በኋላ የጥይት ሣጥን ይዞ ከጫካ ሲወጣ አስቢው።

ሌላም አለ። የዜግነት ማመልከቻው ላይ “ያልታሰርክበት ጥፋት ፈጽመህ ታውቃለህ?” የሚል ጥያቄ አለ። ስሞላ “የለም” ብያለሁ፤ ያኔ እውነት ነበር። ጁላይ 16 እጄን አንሥቼ ከማልኩ በኋላ እንደገና ይጠይቁኛል። ይሄ ጥፋት ይሁን አይሁን አላውቅም። ጠበቃዋ ለዕረፍት ሄዳለች።

ስለ ራሴ አትጠይቂኝ። እሠራለሁ፣ እበላለሁ። እንቅልፍ ትንሽ አስቸግሮኛል።

ዋለ


አዳማ፣ ሰኔ 5

ዋለ፣

ዝም በል። ጋሽ መገርሳ በሕይወታቸው አንድ ትክክለኛ ነገር ከተናገሩ ይሄ ነው። ሐምሌ 9 እስኪያልፍ ፓርኩ ቢሮ አትሂድ፣ ጫካው አትሂድ፣ ሶሲ ጋ አትደውል። ያ ቃለ መጠይቅ የሚያደርግልህ ሰው ሲጠይቅህ የለም በለው። ሰው አልገደልክ፣ አልሰረቅክ። ልጆች አጫወትክ።

ስለ ሥራዬ ደህና ነው ብዬህ ነበር። ውሸቴን ነው። ቀኑን ግድግዳ ላይ የጻፍኩ ዕለት ለሚቀጥለው ዓመት እንደማልኖር ለርእሰ መምህሩ ጽፌ ሰጠሁ። ሳትጠይቀኝ፣ ሳልጠይቅህ። መስከረም ላይ ካንተ ጋ የምሆን መስሎኝ ነው። ቦታዬ ላይ ሌላ መምህርት ቀጥረዋል፤ ባለፈው ሳምንት ክፍሉን አሳየኋት። የመሸኛ ኬክ ቆርሰውልኛል። ሁለት ሴት ልጆች አልቅሰዋል። አሁን ምን ብዬ ልመለስ?

ስለ ሶሲ አዝናለሁ። ከልቤ ነው። ግን እኔ ሶሲን አላውቃትም። አንተ እኔን ታውቀኛለህ?

ስመኝ


ሪችፊልድ፣ ጁን 20

ስመኝ፣

ሄድኩ። ከመሄዴ በፊት ያልጻፍኩልሽ እምቢ እንደምትዪኝ ስለማውቅ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ ማለት ይከብደኛል፤ ቢሆንም እጠይቅሻለሁ።

የፓርኩ ቢሮ ከጀልባዎቹ በላይ ያለች ትንሽ የእንጨት ቤት ናት። የቤተ ክርስቲያን መሄጃ ልብሴን ለብሼ ነበር። ኃላፊዋ ዕድሜዋ የገፋ ነጭ ሴት ናት፣ ጫማዋ ጭቃ ነው። ተቀምጬ “ያ የፈነዳው ሣጥን የእኔ ነው” አልኳት። እስክርቢቶዋን አስቀመጠችው።

“የአንተ?”

“የእኔ። ሶሲ አልፈቀደችልኝም። ፈቃድ የሰጠ የለም። ስሟን የጻፍኩት በራሴ ነው።”

“ለምን እኛን አልጠየቅኸንም?”

ሰው አለን ተብዬ ነው ልበላት? “የማውቃት ሰው እዚህ ስላለች የጠየቅኳችሁ መስሎኝ ነው” አልኳት። “ሌላ አለ?” አለች። ሁለት አለ አልኳት። ጃኬቷን ለበሰችና “አሳየኝ” አለችኝ።

አብረን ሄድን። ፖሊስ ጠርታ ይሆን እያልኩ በየጥቂቱ ወደ ኋላ አያለሁ። አንዱን ሣጥን ከፍታ ትራክቱን አገላበጠችው። “ምን ይላል?” አለች፤ አማርኛ ነዋ። “እግዚአብሔር ይወድሃል ይላል” አልኳት። “ጥሩ፣ ግን ፓርክ ውስጥ አይቻልም” አለችና መለሰችልኝ። ሌላኛው ወፎች የሚፈለፍሉበት ሣር ውስጥ ነበር፤ ከዚያ ይነሣ አለች። የጥይት ሣጥን ፈጽሞ እንዳላይ፣ ውስጡ የሚታይ ፕላስቲክ አድርግ፣ ከላይ ስምና ስልክ ጻፍ አለችኝ። ስንመለስ የማመልከቻ ቅጽ ሰጠችኝ። ካርታ ስሎ መስጠት ነው፣ ቢበዛ ገጽ ተኩል። መጀመሪያውኑ ይኸው ብቻ ነበር የሚፈለገው።

ክስ የለም አለችኝ። በቃል አስጠንቅቃኛለች። ሶሲ ሰኞ ወደ ሥራ ትመለሳለች።

ጋሽ መገርሳ አኩርፈውኛል። ትራክቱን ስመልስላቸው አልተቀበሉኝም፤ መኪናዬ ውስጥ ነው።

ቦታሽን ለሌላ ሰጡት ያልሽኝን ካነበብኩ ጀምሮ ከውስጤ አልወጣም። አንቺን አውቅሻለሁ። እያወቅኩሽ ግን ሄድኩ።

ዋለ


አዳማ፣ ሰኔ 20

ዋለ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። እማማ ደህና ናቸው፤ ቅባቱ ደርሷቸው እየተቀቡት ነው። ይሸታል ይላሉ።

ሌላ ምንም አልጽፍም። አንድ ጥያቄ ብቻ። ሐምሌ 9 ያ ሰው ሲጠይቅህ ምን ልትለው ነው?

አይ፣ አትመልስልኝ። ካለፈ በኋላ ንገረኝ።

ስመኝ


ሪችፊልድ፣ ጁላይ 16

ስመኝ፣

ስልክሽን አላነሣሁም። ድምፅሽን ሰምቼ መናገር ስለማልችል ነው። ሥራ አልገባሁም፤ መኪና ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ።

የታሪኩንና የሕጉን ጥያቄዎች ሁሉ መለስኩ። እንግሊዝኛውንም አነበብኩ፣ ጻፍኩ። ሰውየው ወጣት ነው፣ ትሑት ነው። ማመልከቻዬን እየገለጠ እንደ መዝሙር “የለም፣ የለም፣ የለም” እያልን መጣን። ያቺ ጥያቄ ስትደርስ “ቆይ” አልኩት። እሱም ቀና አለ። የለም ማለት እችል ነበር። ማንም አያውቅም ነበር። አንድ ነገር አለ፣ ጥፋት ይሁን አይሁን ግን አላውቅም አልኩት።

ነገርኩት። ስለ ጨዋታው ሳስረዳው መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ስለ ፍንዳታው ስነግረው ፈገግታው ጠፋ። ብዙ ጻፈ። በመጨረሻ የሰጠኝ ወረቀት አልፈሃልም አይልም፣ ወድቀሃልም አይልም። ውሳኔው ቆይቷል ይላል። ክስ እንደሌለብኝ ከፓርኩ ማስረጃ አምጣ አለኝ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ፓርኩ ነዳሁ። ሴትዮዋን ጥፋት እንደሌለብኝ የሚገልጽ የድጋፍ ደብዳቤ፣ በፊርማና በማኅተም ስጭኝ አልኳት። “ማኅተም የለንም” አለች። “ክስ ካልመሠረትን ምን ብዬ ነው የምጽፈው? ያልተፈጠረ ነገር ፋይል የለውም።” ለመንኳት። የሕግ ክፍሉን ልጠይቅ ብላኛለች። የሕግ ክፍሉ መቼ እንደሚመልስ አታውቅም።

ልወጣ ስል ሌላ ፖስታ ሰጠችኝ። ያን ጊዜ በሰጠችኝ ቅጽ ያመለከትኩበት የሁለቱ ሣጥኖች ፈቃድ ነው፣ ጸድቋል። እስከ ሁለት ዓመት መቀመጥ ይችላሉ፣ ሊታደስም ይችላል። ለዲንሳ ደውዬ ነገርኩት። “ኮሎኔል፣ ሣጥኖችህ ወረቀት አገኙ፣ አንተ ቀረህ በለኛ!” አለኝ። ስቄ ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ እዚሁ ፓርኪንግ ላይ ተቀመጥኩ።

ዝም ብል ኖሮ ዛሬ እንኳን ደስ ያለሽ እልሽ ነበር። ይሄን አውቃለሁ።

ዋለ


አዳማ፣ ነሐሴ 2

ዋለ፣

ይሄን ያህል የቆየሁት አኩርፌ ነበር፤ አልደብቅህም። ስልክህንም ሆን ብዬ ነው ያላነሣሁት። መጀመሪያ ላይ የጻፍኩልህን ደብዳቤ አጥፍቼዋለሁ፤ እሱን ባለማንበብህ ዕድለኛ ነህ።

ርእሰ መምህሩ ጋ ሄጄ ነበር። አዲሷ መምህርት ውል ፈርማለች፤ ሰባተኛ ክፍል የለም አለኝ። ሁለተኛ ክፍል አንድ ቦታ አለ፣ የከሰዓት ፈረቃ፣ አማርኛና ሒሳብ። ኬኬን የበሉ መምህራን ሲያዩኝ ምን እንደሚሉ መገመት አያቅትህም። አንደኛዋ “ቪዛው መልስ ጉዞ አለው እንዴ?” ብላኛለች። ተቀበልኩት። መስከረም ላይ እገባለሁ።

ለእማማም ነገርኳቸው፣ ሁሉንም። “ታሰረ?” አሉኝ። አልታሰረም አልኳቸው። “ታዲያ ያቺ ልጅ ሥራዋ ተመለሰላት?” አሉ። ተመለሰላት አልኳቸው። ግድግዳው ላይ የጻፍኩትን ቀን ሥራ ቦታዬ ሄጄ ሳለ በእርጥብ ጨርቅ አጥፍተውታል።

ልክ ነህ አልልህም። ገና እንደዚያ ማለት አልቻልኩም። አንድ ነገር ግን አናዶኛል፦ ያልተፈጠረ ነገር እንዲመሰክሩልህ ነው የጠየቅኸው። የድጋፍ ደብዳቤ፣ ጥፋት የሌለበት፣ ማኅተም። ያቺ ሴት ይሄን ከየት ታመጣዋለች? የተፈጠረውን ነበር መጠየቅ። ስለዚህ የቢሮዋን አድራሻ ከኢንተርኔት ፈልጌ በእንግሊዝኛ ጻፍኩላት። የዋለ ባለቤት ነኝ፣ መምህርት ነኝ አልኳት። ሦስት ነገር ብቻ ጻፊልን አልኳት፦ በምን ቀን በራሱ ፈቃድ እንደመጣ፣ ምን እንደነገረሽ፣ ከዚያ በኋላ ክስ መሥርታችሁ እንደሆነና እንዳልሆነ። ሌላ አልለመንኳትም።

ትናንት መለሰችልኝ። አምስት መስመር ነው። ቀኑ ትክክል ነው፣ ስምህንም በትክክል ጽፋዋለች፣ ክስ እንዳልተመሠረተ ይላል፣ ከሥር ስሟና የሥራ ኃላፊነቷ አለ። የሕግ ክፍሉ አይቶታል ብላለች። ከዚህ ጋር አያይዤልሃለሁ። ያ ሰው ይቀበለው አይቀበለው አላውቅም። ማኅተም የለውም፤ እኔም ከላይ እስከ ታች ፈለግሁ። እንዲሁ ላክለት።

ስመኝ